ሰሞኑን የጨረስኳቸው፦ ሁለት ፋንታሲ፣ ሁለት ኢ-ልብወለድ፣ ሁለት ውሾች

ናርዶስ_ሳሪስ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ለዚህ ቤት። ክረምቱ ተመችቶኝ አራት መጽሐፍ ጨርሻለሁ፤ ሁለቱ ፋንታሲ፣ ሁለቱ «እውነተኛ ታሪክ» ተብለው የሚሸጡ። መጨረሻቸውን ሳልሸሽግ ስለማወራ፣ ገና ሊያነብ ያሰበ ሰው ከዚሁ ይመለስ።

በዴቪድ ግራን «ዘ ዌጀር» ልጀምር፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ነው። እንግሊዝና ስፔን ሲዋጉ፣ እ.ኤ.አ. በ1740፣ ሀብት የጫነ የስፔን መርከብ አድብቶ የሚዘርፍ የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ጓድ ከፖርትስመዝ ይነሳል። ከጓዱ አንዷ ዌጀር በማግሥቱ ዓመት ፓታጎንያ ጠረፍ ላይ ካለች ጠፍ ደሴት ቋጥኝ መሐል ገብታ ትሰበራለች። የተረፈው ሰው የባሕር አረም እየለቀመ ይበላል፣ ምግብ ይሰራረቃል፣ በቡድን ይከፋፈላል። ካፒቴኑ ዴቪድ ቺፕ አንዱን ወጣት መኮንን በሽጉጥ ይመታዋል። የመድፍ ኃላፊው ጆን በልክሌይ ደግሞ ካፒቴኑን ጥሎ፣ አብዛኛውን ሰው ይዞ፣ ቀጥለው ባስረዘሟት ጀልባ ይነሳል፤ ከ81 ሰው ብራዚል የደረሰው 30 ያህሉ ነው። ሞቷል የተባለው ካፒቴን ከዓመታት በኋላ እንግሊዝ ከች ሲል ግን ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ከዚያ ወዲያ ያለው የባሕር ታሪክ አይደለም፤ ማን ቀድሞ ጻፈ፣ የማን ማስታወሻ ይታመናል የሚል፣ ገመድ አንገት ላይ ሊያስገባ የሚችል ክርክር ነው።

ግራን ማንንም ሙሉ በሙሉ አያምንም፤ የወደድኩለትም ይህንኑ ነው። አንዱን ቃል ያስቀምጥና ጎኑ ሌላውን ያቆምበታል። አንድ ቦታ ብቻ ልንገራችሁ። ጆን ባይረን ሲሳፈር ገና 16 ዓመቱ ነው። ደሴቷ ላይ አንድ ውሻ ይላመደዋል፣ አብሮት ያድራል። የተራቡት ባልደረቦቹ መጥተው ውሻውን ነጥቀው ያርዱታል። ልጁ ያዝናል፣ ከዚያ ረሃቡ ያሸንፈውና አብሯቸው ይበላል። ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ያረዱበት ቦታ ተመልሶ የተጣሉትን መዳፎችና ቆዳ፣ በስብሰው ሳለ፣ ለቅሞ ይበላል። ይህን የነገረን ራሱ ባይረን ነው፤ በስሙ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ። ማንም ሳያስገድደው።

ሁለተኛው የሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ «ዘ ኤምፐረር» ነው። ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ1978 ያሳተመው፣ በ1983 ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰ። ጃንሆይ ከወረዱ በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ፣ የተደበቁ የቤተ መንግሥት ሰዎችን በየማታው እየዞረ እንዳነጋገረ ይነግረናል። ሰዎቹ በሙሉ በፊደል ብቻ ነው የሚታወቁት። አንዱ ሥራው ምን እንደነበር ሲናገር፣ ሉሉ የተባለው የጃንሆይ ውሻ የመኳንንቱ ጫማ ላይ ሲሸና በሳቲን ጨርቅ እየዞሩ መጥረግ ነው ይላል፤ ለ10 ዓመት! ሌላው የትራስ ኃላፊ ነው፤ ጃንሆይ ዙፋን ላይ ሲቀመጡ እግራቸው እንዳይንጠለጠል 52 ትራስ በየመጠኑ እንደነበረው ያወራል።

አጻጻፉ? ግሩም ነው። አንዱን ገጽ ጀምሬ መተው አልቻልኩም። ግን ከተናጋሪዎቹ አንድም ሰው በስሙ የለም፣ ለቃላቸውም አንድም ማስረጃ አልተጠቀሰም። የባይረንን ውሻ አመንኩ፤ የሉሉን ጫማ ጠራጊ አላመንኩም። ሁለቱም ግን የመጽሐፍ መደብር ውስጥ አንድ መደርደሪያ ላይ ናቸው።

ፋንታሲዎቹ፦ የኡርሱላ ለጉዊን «ኤ ዊዛርድ ኦፍ ኧርዝሲ» (እ.ኤ.አ. 1968) እና የኤን ኬ ጀሚሰን «ዘ ፊፍዝ ሲዝን» (እ.ኤ.አ. 2015)። የመጀመሪያው ቀጭን፣ እንደ ወንጌል ረጋ ብሎ የሚነበብ። ጌድ የሚባል የፍየል እረኛ አስማት ተምሮ፣ በትዕቢቱ ከሙታን ዓለም ጥላ ይለቅቅና ዕድሜውን ሲያሳድደው፣ መጨረሻ ላይ ጥላውን በገዛ ራሱ ስም ይጠራዋል። ኧርዝሲ ውስጥ ሁሉም ሰው እውነተኛ ስሙን ይደብቃል፤ ስምህን ያወቀ ነፍስህን ይዟል። ጌድ ከጥፋቱ በኋላ ሁሉም ሲርቀው፣ ቬች የሚባለው ጓደኛው ሊሰናበተው ሲል ሳይጠየቅ የራሱን እውነተኛ ስም ይነግረዋል። እዚህ ላይ አለቀስኩ፤ ልደብቃችሁ አልችልም። ቅሬታ ግን አለኝ፦ መጽሐፉ ውስጥ የሴት አስማት ደካማና ክፉ ነው የሚል የአገሬው አባባል አለ፣ ደራሲዋም እዚህ ላይ ዝም ብላ ታልፈዋለች። ከሃያ ዓመት በላይ ቆይታ «ቴሃኑ» በሚለው መጽሐፍ መልሳ መጥታበታለች ይባላል፤ እሱን ገና አላነበብኩም።

«ዘ ፊፍዝ ሲዝን» ደግሞ አስቸጋሪ ነው። ትረካው በከፊል «አንቺ… አንቺ…» እያለ ነው የሚሄደው፣ መጀመሪያ ላይ አናደደኝ። መሬትን ማናወጥና ማረጋጋት የሚችሉ ሰዎች አሉ፤ ኃይላቸው ከአካባቢው ሙቀት ይስባል፣ ስለዚህ ባጠገባቸው ያለ ሁሉ በረዶ ሆኖ ይሞታል። ኅብረተሰቡ ይፈራቸዋል፣ ይገድላቸዋል፣ ወይም በልጅነታቸው ወስዶ ያሠለጥናቸዋል። ዳማያ የምትባለውን ሕፃን ሊያሳድጋት የወሰዳት ሰው፣ ራሷን መግዛት ትችል እንደሆነ ለማየት እጇን አንስቶ ይሰብረዋል፤ እየወደዳት። ሦስት የመሰሉን ሴቶች አንድ ሴት መሆናቸው ሲገለጥ መጽሐፉን ዘግቼ ግድግዳ አየሁ።

እንግዲህ የኔ አቋም ይህ ነው፦ ከአራቱ ያላመንኩት «እውነተኛ» የተባለውን አንዱን ነው። የፋንታሲ ደራሲ ሕግ ያወጣል፤ ጀሚሰን ሙቀት ይፈጃል ካለች ይፈጃል፤ ሕጉን ብታፈርስ አንባቢ ወዲያው ይነቃባታል። «ኢ-ልብወለድ» የሚል ታርጋ የለጠፈ ግን ማንም መንጃ ፈቃድ ሳይጠይቀው ያልፋል። ተከራከሩኝ።

ኪዳኔ_ስቶክሆልም · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:15

ናርዶስ፣ ግሩም ጽሑፍ፤ ግን ካፑሽቺንስኪ ላይ ጨክነሻል። መጽሐፉን ፖላንዶች እንዴት እንዳነበቡት ማየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1978 ዋርሶ ላይ ስለ ኮሚኒስቱ መሪ ጊየሬክ መንግሥት በግልጽ መጻፍ አይቻልም ነበር። አጎብዳጅ ሹማምንት፣ በየጠዋቱ ወሬ የሚያቀብሉ ሰላዮች፣ ዕድገት ዕድገት እያለ የሚፈርስ ሥርዓት፤ አንባቢው ይህን ሁሉ ሲያይ የራሱን ፓርቲ ነው ያየው። የሥልጣን ምሳሌ ነው። እንደ ምሳሌ ካነበብሽው ከዚያ የተሻለ መጽሐፍ ጥቂት ነው። ጫማ ጠራጊው ኖረ አልኖረ፣ ሥልጣን ሰውን ምን እንደሚያደርግ ነግሮናል።

ጋሽ_ታደሰ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:02

ልጄ ናርዶስ፣ ደግ ጽፈሻል። አቶ ኪዳኔም ያሉት ስለ ፖላንድ እውነት ነው።

እኔ ንጉሡን ልከላከል አይደለም የመጣሁት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይን በቮልስዋገን ጭነው ሲያወጧቸው «ሌባ! ሌባ!» ብለው ከጮኹት ተማሪዎች አንዱ ነኝ። በዋዜማው ማታ የወሎን ረሃብ ፊልም በቴሌቪዥን አሳይተውን ነበርና ደማችን ፈልቶ ነበር። ስለዚህ የዘውድ ናፋቂ የሚል እንዳይመጣብኝ።

ነገር ግን መጽሐፉ ንጉሡ ምንም ነገር በጽሑፍ አያደርጉም፣ የቅርብ ሰዎቻቸው እንኳ ፊርማቸውን አያውቁትም ይላል። እንዴ! ፊርማቸው በስንት ደብዳቤ፣ በስንት ፎቶግራፍ ላይ አለ። በስደት እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ሆነው ያዘጋጁት «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በ1965 ዓ.ም. ታትሞ ወጥቷል፤ ካፑሽቺንስኪ መጽሐፉን ከማሳተሙ ዓመታት በፊት መሆኑ ነው። የመጀመሪያውን ክፍል ኡለንዶርፍ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ እ.ኤ.አ. በ1976 አውጥቶታል። ይህን ማጣራት የግማሽ ቀን ሥራ ነበር።

ሉሉንም ቢሆን የጃፓን ዘር ነው ይለዋል። ሉሉ ቺዋዋ ነው፤ ዘሩ ከሜክሲኮ። በስንት ፎቶ ከንጉሡ እግር ሥር የታየ ውሻ ነው። የውሻውን ዘር ያላጣራ ሰው የጫማ ጠራጊውን የሥራ ዓመት ቆጥሮ ሲነግረኝ ምን ልበለው?

ታሪክ ጸሐፊው ሃሮልድ ማርከስም እ.ኤ.አ. በ1990 መጽሐፉንና በጭፍን ያወደሱትን ሐያስያን አንድ በአንድ ተችቷል። ለሌላ አገር ሰው «ምሳሌ» ሊሆን ይችላል። ለእኛ ግን አያቶቻችን ናቸው።

ብሩኬ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:10

ጋሼ 🙏🏾 «የውሻውን ዘር ያላጣራ ሰው» የሚለውን ፍሬም አስገብቼ ግድግዳዬ ላይ ልሰቅለው ነው።

ኪዳኔ_ስቶክሆልም · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:31

ጋሽ ታደሰ፣ ያቀረቧቸው ስህተቶች ትክክል ናቸው፤ አልከራከርም። ግን ማርከስ የተቸው ዘገባውን ነው። እኔ የምለው ዘገባ አድርገን ማንበባችን ራሱ ነው ችግሩ።

ናርዶስ_ሳሪስ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:44

ኪዳኔ፣ ታዲያ ሽፋኑ ላይ «ልብወለድ» ይበል። ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው። ጫማ ጠራጊውን ኧርዝሲ ውስጥ ጎንት በምትባል ደሴት ላይ ያድርገውና እኔም እንዳንተ እጨበጭባለሁ።

ያብስራ_6ኪሎ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5:20

እዚህ ላይ አንድ ጥንታዊ ምስክር ላቅርብ። እንግሊዛዊው ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1759 «ራሴላስ»ን ጻፈ፤ የአቢሲኒያ ልዑል በተራራ የታጠረ የደስታ ሸለቆ ውስጥ ተዘግቶበት ስለሚኖር ታሪክ። የመሳፍንት ልጆች አምባ ግሸን ላይ ይዘጉ እንደነበር ከተጓዦች መጽሐፍ ያውቃል፣ የፖርቱጋላዊውን ሚሲዮናዊ የሎቦን የጉዞ መጽሐፍ ራሱ ተርጉሟል፤ እግሩ ግን ኢትዮጵያን አልረገጠም። ሸለቆው ሌላ፣ አምባው ሌላ። ግን ማን ተቀየመው? ልብወለድ ብሎ ሸጠው፣ አለቀ። እንዲያውም ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውልን አባቶቻችን በደስታ አነበቡት። ስለዚህ ባዕድ ሰው እኛን ተጠቅሞ ምናብ መፍጠሩ አይደለም ጥፋቱ።

አሁን ደግሞ ለናርዶስም ለጋሼም የሚከብድ ጥያቄ። ዘውዴ ረታን ሁላችንም እንወዳለን። «ተፈሪ መኮንን፦ ረጅሙ የሥልጣን ጉዞ»ም ሆነ «የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት» ውስጥ ሰዎች በተዘጋ ክፍል የተናገሩት በጥቅስ ምልክት ተቀምጧል። እሳቸው በቦታው አልነበሩም። ለምን ዘውዴን አምነን ካፑሽቺንስኪን እንጥላለን? አገራችን ሰው ስለሆኑ?

ጋሽ_ታደሰ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:15

ያብስራ፣ ጥያቄህ ጥያቄ ነው። አቶ ዘውዴ ማን እንደነገራቸው ስም ይጠራሉ። ነጋሪው ሰው፣ ሹመቱ፣ አንዳንዴም ያነጋገሩበት አገር ይታወቃል። ስለዚህ «ይህ ሰው ለራሱ አድልቶ ነው የተናገረው» ብዬ መከራከር እችላለሁ። እንዲያውም ብዙ ቦታ ተከራክሬያቸዋለሁ፤ ንግግሮቹ አንዳንዴ ከመጠን በላይ የተስተካከሉ ናቸው፣ ሰው እንዲህ አሳምሮ አይጣላም። ነገር ግን «ኤፍ» ከሚባል ፊደል ጋር እንዴት ልከራከር?

ሌላው ነገር ጎን ለጎን ማንበብ ነው። የአክሊሉ ሀብተ ወልድን ማስታወሻ ውሰድ፤ እስር ቤት ሆነው ለመርማሪ ኮሚሽን የጻፉት ነው፤ ራሳቸውን የሚከላከሉበት ጽሑፍ መሆኑ ከመጀመሪያው መስመር ይታወቃል። የልዑል ራስ እምሩን «ካየሁት ከማስታውሰው» ጎኑ አድርግ። የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያትን የሕይወት ታሪክ ጨምርበት፤ እሳቸው ደግሞ ለማንም የማይመለሱ ምላሰኛ ናቸው። ሦስቱ ሲጣረሱ ነው እውነት የሚሸተው። ናርዶስ ስለ መርከቡ መጽሐፍ ያለችውም ይህንኑ ይመስለኛል።

ሀብታሙ_ጎንደር · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:50

የፖለቲካውን ለእናንተ ልተውና ወደ ኧርዝሲ ልመልሳችሁ። ናርዶስ፣ ያን መጽሐፍ እኔም ሳነብ የገረመኝ፣ አሜሪካኖቹ ሐያስያን «እውነተኛ ስም» የሚለውን እንደ ታላቅ ፈጠራ ሲያወሩለት ነው። እኛ ሠፈር እኮ የዘወትር ኑሮ ነው! እናቴ የክርስትና ስሜን ለማንም እንዳልናገር አፌን ይዛ ነው ያሳደገችኝ። ለንስሐ አባትና ለቄሱ ብቻ። የክርስትና ስምህንና የእናትህን ስም ያወቀ ሰው መድኃኒት ሊያደርግብህ ይችላል ይባላል።

አያቴ ደብተራ ነበሩ፤ ክታብ ሲጽፉ አይቻለሁ። ብራናው ጠባብና ረጅም ነው፣ ርዝመቱ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይለካል። ጸሎተ ሱስንዮስ ይጻፍበታል፤ ሕፃናት የምትገድለውን ወርዝልያን ቅዱስ ሱስንዮስ እንዴት በጦር እንደወጋት። ከዚያ በየጸሎቱ መዝጊያ «አድኅና ለአመትከ ወለተ…» ብሎ ስሙ በቀይ ይገባል። ያለ ስሙ ክታቡ ጥቁርና ቀይ ቀለም ብቻ ነው። ክታቡ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ደግሞ የድሮው ስም በምላጭ ተፍቆ አዲሱ ይጻፍበታል፤ ብራናው ላይ ሻካራ ሆኖ በጣት ይታወቃል። ውጭ አገር ሙዚየም ያሉትን ፎቶ ብታዩ እንኳ የተፋቀው ቦታ ይለያል።

ስለዚህ ቬች ስሙን ለጌድ የነገረበት ቦታ ላይ ብታለቅሺ አልፈርድብሽም። ያ ማለት አንድ ሰው የክርስትና ስሙን ከነእናቱ ስም ለጓደኛው ሰጠ ማለት ነው። እኔ እስካሁን ለሚስቴ ብቻ ነው የነገርኩት።

ብሩኬ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:58

ሀብትሽ፣ የፌስቡክ ስምህ ታዲያ የማን ነው 😂

ሀብታሙ_ጎንደር · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:05

መጠሪያ ነዋ!

ሜሮን_ሲልቨርስፕሪንግ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:30

ኧርዝሲ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ሳያስተውለው ያልፋል። ጌድ ቀይ ዳማ ነው፣ ቬች ጥቁር ነው። ነጮቹ የካርግ ሰዎች ናቸው፣ እነሱም መጀመሪያ ላይ ወራሪ ሆነው ነው የሚመጡት። እ.ኤ.አ. በ1968 ይህን ማድረግ ቀላል አልነበረም፤ ለጉዊን በጩኸት ሳይሆን በስውር ነው ያስገባችው፣ አንባቢው ልጁን ወዶ ካበቃ በኋላ ነው መልኩን የምትነግረው። ለዓመታት አሳታሚዎች ሽፋኑ ላይ ነጭ ልጅ ይስሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ለቴሌቪዥን ሲሠራም ጌድን ነጭ ተዋናይ ተጫወተው፤ ደራሲዋ ተናዳ በአደባባይ ጻፈችባቸው።

እኔ መጽሐፉን ለ11 ዓመት ልጄ ነው የሰጠሁት። ሽፋኑን አይቶ «እማ፣ ይሄ ልጅ እኔን ይመስላል» አለኝ፤ አዲሱ እትም ነው። ከላይብረሪ በስልክ መዋስ ይቻላል፤ እዚህ አሜሪካ ላላችሁ፣ ካርድ ካላችሁ በነፃ ነው።

ተሾመ_ቀጨኔ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 8:10

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ትልቅ ሰው ስለ ጠንቋይ ተረት ሲያለቅስ አይገባኝም። ኑሮ እንዲህ ተወዶ፣ አንድ መጽሐፍ ስንት ብር ገብቶ፣ ለፋንታሲ የሚሆን ገንዘብ የለኝም። ገንዘቤን ካወጣሁ የማውቀው ነገር ሊጨምርልኝ ይገባል። ታሪክ፣ ሕይወት ታሪክ፣ ኢኮኖሚ። ተረቱን አያቴ በነፃ ነግራኛለች።

ደረጀ_መተሐራ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 9:40

ተሾመ ወንድሜ፣ እኔም እንዳንተ ነበር የማስበው። «ዘ ፊፍዝ ሲዝን»ን ያነበብኩት ግን በ2017 ዓ.ም. ጥር ነው፤ እዚሁ መተሐራ፣ ፈንታሌ ሥር። ያን ጊዜ ምን እንደነበር አዲስ አበቤዎችም ታስታውሳላችሁ፤ ፎቁ ሌሊት ሲወዛወዝ በቢጃማ የወጣችሁበት ሰሞን። እኛ ጋ ደግሞ በቀን ስንት ጊዜ ይንጣል፤ መንገዱ ተሰንጥቋል፣ ዶፈን ላይ መሬት ተቀድዶ እንፋሎትና ጭቃ ሲተፋ በስልክ የተቀረጸውን ሁላችሁም አይታችሁታል። ስንት ሺህ ሰው ነው ከቀዬው የተነሳው። እኛም ደጅ ሸራ ወጥረን ነው ያደርነው።

ታዲያ ያን መጽሐፍ በባትሪ ሳነብ፣ እዚያ አገር ያለ ሰው ሁሉ በር ሥር የሚያስቀምጠው የመሸሻ ከረጢት አለው፤ ምግብ፣ ውኃ፣ ልብስ። ቀና ስል የእናቴ ፌስታል ራስጌዋ ላይ ተንጠልጥሏል፦ መታወቂያ፣ የቤት ካርታ፣ የመድኃኒት ወረቀት፣ በሶ። ጀሚሰን መተሐራን አታውቅም። ግን መሬት የማይታመንበት አገር ሰው ምን እንደሚሆን አውቃለች። ጎረቤት ከጎረቤት እንዴት እንደሚተያይ፣ አለቃ ነኝ ባይ እንዴት ድንገት እንደሚበቅል፣ ወሬ ከንዝረቱ በላይ እንዴት እንደሚያስፈራ። ዜናው በሬክተር ስኬል ስንት እንደሆነ ነገረኝ፤ ይህን ግን ማንም አልነገረኝም።

ደግሞ ምድር ትከፈታለች የሚለውን ተረት እንዳትለው። እ.ኤ.አ. መስከረም 2005 አፋር ውስጥ ደባሁ ላይ በጥቂት ቀናት 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ስንጥቅ ተከፍቷል፤ መሬቱ እስከ 8 ሜትር ድረስ ተራርቋል። የዓለም ጂኦሎጂስት ሁሉ ነው የጎረፈው። እኛ የምንኖረው ፋንታሲው ላይ ነው።

ተሾመ_ቀጨኔ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 10:05

ደረጀ፣ እናትህ ደህና ናቸው? እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ከረጢቷ ላይ በሶ መኖሩ ደስ አለኝ። መጽሐፉን ግን አልገዛም 😄

ደረጀ_መተሐራ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 10:11

ደህና ናት፣ ፌስታሏም አልወረደም።

ሐያት_ሪያድ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:25

እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው፤ ቁጭ ብዬ ማንበቢያ ጊዜ የለኝም። ጆሮዬ ላይ አድርጌ ትረካ እየሰማሁ ነው ልብስ የምተኩሰው፣ ዕቃ የማጥበው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጥረውም። ጥያቄዬ፦ እነዚህ ያላችኋቸው ፋንታሲዎች በአማርኛ ትረካ አሉ? ኧርዝሲን ሀብታሙ ሲያወራው መስማት አማረኝ። እኛም ሐረር ቀበሌያችን ሼኽ ዘንድ የሚጻፍ ሒርዝ አለ፤ እሱም በስምና በእናት ስም ነው።

ያብስራ_6ኪሎ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:00

ሐያት፣ እኔ የሰማሁት የለም። በአማርኛ ፋንታሲ ራሱ ጥቂት ነው። ለስሙ ይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ»ን ሲያወጣ ጣና ገዳም፣ ሳይንስ፣ ሰላይ፣ ሁሉን ቀላቅሎ ወጣቱን አንጋግቶት ነበር፤ አዟሪው ሁሉ እጁ ላይ እሱን ነበር የሚይዘው። ሐያስያን አፍንጫቸውን ነፉበት። እንደ ሥነ ጽሑፍ ብዙ የሚነቀፍ ነገር አለው፤ ሩጫ ይበዛዋል፣ ሴቶቹ ከወረቀት የተቆረጡ ናቸው። ግን እንደዚያ ዓይነት ረሃብ መኖሩን አሳይቶናል። ከእሱ በኋላ ብዙ አስመሳይ መጣ፣ ዓለም ሠርቶ ሕግ የሚያወጣ ግን አላየሁም። ገድላቱ ውስጥ እኮ ያልተነካ ሀብት አለ።

ሀብታሙ_ጎንደር · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:12

ያብስራ፣ እዚህ ላይ ቀስ። ገድል ለእኔ የፋንታሲ ጥሬ ዕቃ አይደለም። አምኜበት የምሳለመው ነው። ክታቡንም ቢሆን ያወራሁት አያቴ በሕይወታቸው ስለሠሩበት እንጂ ለመጫወቻ አይደለም።

ያብስራ_6ኪሎ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:20

ገባኝ፣ አክብሬሃለሁ። «ከገድሉ ይቀዳ» ሳይሆን አተራረኩን ይማሩበት ማለቴ ነው፤ ተአምሩን ሳያንዛዛ፣ ዓመተ ምሕረትና የቦታ ስም እየጠራ የሚተርክበትን መንገድ። ለጉዊንም እኮ እንደዚያው ነው የምትጽፈው፤ አባቷ የአንትሮፖሎጂ ሊቅ ነበር፣ የሌላ ሕዝብ ትውፊት እየሰማች ነው ያደገችው።

ኪዳኔ_ስቶክሆልም · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:30

ወደ ናርዶስ ዋና ነጥብ ልመለስ፣ ምክንያቱም አንድ ነገር ከነከነኝ። ግራንን ምስክር ስለጠራ አመሰገንሽው። ግን ምስክር የሌለው ሰውስ? «ዘ ዌጀር»ን አንብቤዋለሁ፤ ጆን ደክ የሚባል ነፃ ጥቁር መርከበኛ አለ። ከመርከቡ ስብራት ተርፎ፣ ከጀልባው ጉዞ ተርፎ፣ መጨረሻ ላይ ተይዞ ለባርነት ይሸጣል። ሌሎቹ እንግሊዝ ገብተው መጽሐፍ አሳተሙ፣ ችሎት ቀረቡ፣ ተከራከሩ። እሱ ምንም አልጻፈም። ግራን ጥቂት መስመር ሰጥቶት ያልፋል፤ ከዚያ በላይ ወረቀት የለማ! አንቺ ባልሽው ሕግ ከሄድን፣ በወረቀት ያልተገኘ ሰው ሁሉ ከታሪክ ውጭ ነው። ምናልባት የቤተ መንግሥት አሽከሮችም እንደዚያው ናቸው። ራስ እምሩ ጻፉ፣ አክሊሉ ጻፉ፤ ትራስ የተሸከመው አልጻፈም።

ናርዶስ_ሳሪስ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4:15

ኪዳኔ፣ ይሄ ጥሩ መልስ ነው፤ ስለ ደክ የተጻፈውን ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ግን ግራን ምን እንዳደረገ ተመልከት። ደክን አላናገረውም። «እኔ ጆን ደክ፣ ያን ዕለት እንዲህ ተሰማኝ» ብሎ አልጻፈለትም። ሊጽፈው የማይችለው ታሪክ መሆኑን ነግሮን ቀዳዳውን ክፍት ተወው። ካፑሽቺንስኪ ቀዳዳውን በገዛ ድምፁ ሞላው፤ ሁሉም አሽከሮች አንድ ዓይነት ዜማ አላቸው፣ ሁሉም ሲያጎበድዱ እንኳ አሳምረው ነው የሚያጎበድዱት። ያ የአሽከሩ ድምፅ አይደለም።

ደክ በገዛ አፉ እንዲናገር ከፈለግን ልብወለድ ይጻፍለት። ጀሚሰን ያደረገችው እሱን ነው፤ የዳማያን እጅ የሰበረው ሰው በባርነት ታሪክ ውስጥ ስንት ጊዜ ኖሯል! ሁጎ ሽልማትን ሦስት ዓመት በተከታታይ ለሦስቱም ቅጽ የሰጧት ለዚህ ይመስለኛል።

ጋሽ_ታደሰ · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1:40

አቶ ኪዳኔ፣ ስለ አሽከሮቹ ያሉት ልቤ ገብቷል። አዎ፣ አልጻፉም። ነገር ግን ብዙዎቹ እስከ ቅርብ ጊዜ በሕይወት ነበሩ፤ የእኛም ጋዜጠኛ ሄዶ አልጠየቃቸውም። እሱ ላይ እኛም ተጠያቂዎች ነን።

6 ኪሎ ገነተ ልዑል ሄዳችሁ የንጉሡን መኝታ ቤት ያላያችሁ ካላችሁ እዩት፤ ዩኒቨርሲቲው ሙዚየም ውስጥ ነው። መስታወቱ ላይ የጥይት ቀዳዳ አለ፤ ከ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር የቀረ ነው ይላሉ። በዚያው ግቢ አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ከተገደሉት አንዱ አባ ሐና ጅማ ናቸው፤ «ዘ ኤምፐረር» ውስጥ ገንዘብ ከረጢት ይዘው የምታገኟቸው ሰው። እሳቸው እንኳ በስማቸው አሉ፣ ምክንያቱም ሞተዋል።

ተሾመ፣ አንተ ደግሞ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያትን ካላነበብክ እኔ አውስሃለሁ። ጽሑፍ እንዳትሰምርበት ብቻ።

ተሾመ_ቀጨኔ · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2:05

ጋሼ፣ ኧረ ደስ ይለኛል! በእርሳስም አልነካው። ቅዳሜ 4 ኪሎ መጥቼ ልውሰድ?

ሐያት_ሪያድ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:10

ሀብታሙ፣ ኧርዝሲን ምዕራፍ በምዕራፍ በድምፅ ልከህልኝ ቢሆን። የእንግሊዝኛውን እያየህ በራስህ አማርኛ። አርብ እረፍት ነኝ።

ሀብታሙ_ጎንደር · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:32

እህቴ፣ እሞክራለሁ። የመጀመሪያው ምዕራፍ የፍየሎቹ ነው፣ እሱ አይከብደኝም። ቴሌግራም ላይ ነው የምልከው፤ ለዚህ ቤት ሰው ብቻ ይሁን፣ እንዳይበተን።